ሕግ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ

ባለፈው አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። "አለቃዬ የዓመት ፈቃድህ 14 ቀን ነው አለኝ፣ አዋጁንም ከፍቶ አሳየኝ።" ፎቶ አንስተህ ላክ አልኩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ አንቀጽ 77። እውነትም 14 የሥራ ቀን ይላል። ግን አዋጁ በ1156/2011 ከተሻረ ቆይቷል፤ በአዲሱ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው። አለቅየው አልዋሸም። መጀመሪያ የመጣለትን ፒዲኤፍ ነው ያወረደው።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የተሻረ አዋጅ ፊቱ ላይ "ተሽሬያለሁ" ብሎ አይጽፍም! መሻሩን የሚነግራችሁ አዲሱ ነው፣ መጨረሻው አካባቢ "የተሻሩ ሕጎች" በሚለው አንቀጽ። ማሻሻያ ደግሞ ይብሳል፣ ዋናው አዋጅ በሥራ ላይ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008ን ብቻ አውርዳችሁ ደመወዝ ካሰላችሁ ከግብር ነፃ የሚሆነው 600 ብር ይሆንባችኋል፤ ማሻሻያው 1395/2017 ግን 2,000 አድርሶታል። ስለዚህ የአዋጁን ቁጥር "ማሻሻያ" ከሚለው ቃል ጋር አንድ ጊዜ ፈልጉት።

ዓመተ ምሕረቱም ያሳስታል። 1156/2011 በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው። ያው አንድ አዋጅ ነው። 2011ን በፈረንጅ ቆጥሮ "ይሄማ ያረጀ ነው" ብሎ የዘጋው ሰው አይቻለሁ። ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፣ እሱ አይቀየርም።

ፊደል ላይ ደግሞ አዋጆች የሚወጡበት ነጋሪት ጋዜጣ "አሠሪና ሠራተኛ" ብሎ ያትማል፣ እኛ ስልካችን ላይ "አሰሪና ሰራተኛ" እንላለን። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፣ ለብዙ የፍለጋ ሳጥን ግን ሠ እና ሰ ዘመድ አይደሉም። ሕግ እና ህግም እንደዚያው። ሁለቱንም ሞክሩ። ደግሞ ብዙው የቆየ ነጋሪት ጋዜጣ ስካን የተደረገ ምስል ነው፤ ውስጡ ቃል ብትፈልጉ ዜሮ ይላችኋል፣ ቃሉ ግን ገጹ ላይ ተገትሯል። ያኔ ያለው መፍትሔ ማውጫውን ከፍቶ በዓይን መሄድ ነው፣ አሰልቺ ቢሆንም።

የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ መጀመሪያ ክልሉን ጠይቁ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ የክልሉ ሕጎች የሚታተሙትም ዝክረ ሕግ በሚባለው የክልሉ ጋዜጣ ነው። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ውስጥ ስታስሱ ብትውሉ አታገኙትም።

ጋዜጣው በሁለት ዓምድ ይታተማል፤ እንግሊዝኛው ስለቀለላችሁ ብቻ እሱን ይዛችሁ አትከራከሩ። ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው፣ በአዋጅ 3/1987።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ከማመናችሁ በፊት ደግሞ ርዕሱን እዩት። "አዋጅ ቁጥር ..." ብሎ ቁጥሩ ቦታ ላይ ነጥብ ብቻ ከተደረደረ ረቂቅ ነው። ገና ሕግ አልሆነም።