ፎር ኬ ሞኒተር በደሴ ቤት፦ ኬብሉ፣ ስኬሉ፣ መብራቱና የእጣኑ ጭስ

27 ኢንች ፎር ኬ ሞኒተር ገዝቶ ሪዞሉሽኑን 1920 በ1080 ላይ አውርዶ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ፊደሉ ደቀቀበት፣ ሪዞሉሽኑን ሲቀንሰው ተለቀለት፣ በዚያው ለመደው። ፎር ኬ ማለት 3840 በ2160፣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክሰል ነው፤ 1920 በ1080 ደግሞ 2 ሚሊዮን ገደማ። ስለዚህ ከከፈለበት ፒክሰል ሦስት አራተኛውን ደጅ ጥሎታል። ይባስ ብሎ አብዛኛው ሞኒተር የተቀነሰውን ምስል መልሶ ሲለጥጠው የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል።

ሪዞሉሽኑ ምንጊዜም 3840 በ2160 ላይ ይቆይ፤ የፊደል መጠን የሚስተካከለው በስኬል ነው። ዊንዶውስ ላይ ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ተጫኑና ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ግቡ። ከላይ ከተደረደሩት ስክሪኖች ሞኒተሩን ምረጡ (ላፕቶፑን መርጦ የሚለፋ አይጠፋም)፣ ከዚያ ስኬል የሚለውን ለ27 ኢንች 150 ፐርሰንት አድርጉት። ከለመዳችሁት 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ጋር ፊደሉ በዓይን እኩል እንዲሆን ከፈለጋችሁ 175 ነው። ለ32 ኢንች 125 ወይም 150 ይበቃል። ከቀየራችሁ በኋላ ሳይን አውት ብላችሁ ተመለሱ፤ አለዚያ ቀድመው የተከፈቱት ፕሮግራሞች በአሮጌው መጠን ደብዝዘው ይቀራሉ።

ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ከቅንጦት አይቆጠርም። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው ቀኝ እግሩ ላይ ያለችው ጭረት መሀል ላይ መሆኗ ወይም ግርጌ መውረዷ ነው፤ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየው አናቱ ላይ ያለችው ሰረዝ ናት። በ100 ፐርሰንት 10 ፖይንት ፊደል ቁመቱ 13 ፒክሰል ገደማ ብቻ ስለሚደርሰው እነዚህ ጭረቶች ከእግሩ ጋር ይጣበቃሉ። በ175 ግን 23 ፒክሰል ያገኛል። ሰነድ ሲያርም የሚውል ሰው ማታ ላይ ዓይኑ ይመሰክርለታል። ፎንቱም ድርሻ አለው፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ እና ኤብሪማ በትልቅ ስኬል ጥርት ብለው ይወጣሉ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኒያላ ከጠፋባችሁ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ጫኑ።

ችግር የሚፈጥሩት የቆዩ ፕሮግራሞች ናቸው። የሒሳብ ሠራተኞች የማይለቁት ፒችትሪ የዚህ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ ዕትም ይደበዝዛል፣ አንዳንዱ ቁልፎቹ እንደ ጤፍ ይደቅቃሉ። የፕሮግራሙን አይከን በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ ግቡ። ታች ያለውን ኦቨርራይድ የሚል ሳጥን ምልክት አድርጉና መጀመሪያ «ሲስተም ኢንሃንስድ»ን ሞክሩ። ካልሆነ «ሲስተም»፤ ትንሽ ደብዘዝ ቢልም መጠኑ የሚነበብ ይሆናል።

ማውሱ ከእጅ ኋላ ሲጎተት

ሁለተኛው ቅሬታ «ኮምፒውተሩ ከበደው» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የፖርቱ ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎር ኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ያድሳል፤ 60 ለማግኘት ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ያስፈልጋል። ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ኤችዲኤምአያቸው አብዛኛውን ጊዜ 1.4 ነው። ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ480 በኤችዲኤምአይ 30 ላይ ይቆማል፣ በታይፕ ሲ ፖርቱ ግን 60 ይሰጣል። ስለዚህ ከታይፕ ሲ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት የሚሄድ ኬብል ለእሱ ትክክለኛው ነው። ርካሽ የታይፕ ሲ ሃብ ከገዛችሁ ማሸጊያው ላይ «4ኬ 60» የሚል ካልተጻፈ 30 ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ደግሞም ታይፕ ሲ ፖርት ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ቻርጅና ፋይል ብቻ የሚያሳልፍ አለ። በቪጂኤ ኬብልማ ፎር ኬን አታስቡት።

ፒያሳ ላይ «ኬብሉ ፎር ኬ 60 ያነሳል ወይ?» ስትሉ «ወላሂ አሪፍ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። አሪፍነቱ ይቆይና ኬብሉ ላይ 18 ጊጋቢት በሰከንድ (18Gbps) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ርዝመቱም ከ2 ሜትር አይብለጥ። 5 ሜትር ተራ ኬብል ቢሠራም ስክሪኑ ለአንድ ሰከንድ ጥቁር ብሎ ይመለሳል፣ ወይም ነጫጭ ነጥብ እንደ ብናኝ ይረጭበታል። ያኔ ሞኒተሩ ተበላሸ ብላችሁ ወደ ጥገና አትሩጡ፤ አጭር ኬብል ቀይሩ።

ስንት ላይ እንደሆናችሁ ለማየት፦ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ፣ ሪፍሬሽ ሬት። 60 ከምርጫው ውስጥ ጭራሽ ከሌለ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ ክፈቱና የኤችዲኤምአይ ዓይነት የሚለውን 2.0 አድርጉ፤ አንዳንዱ ከፋብሪካ 1.4 ላይ ሆኖ ይመጣል። ሌላው ወጥመድ ዱፕሊኬት ነው። የላፕቶፑና የሞኒተሩ ምስል አንድ ዓይነት እንዲሆን ካደረጋችሁት ሁለቱም በትንሹ ስክሪን ልክ ይሠራሉ። የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«P» ፊደልን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫኑና ኤክስቴንድ በሉት።

በሞኒተር ፈንታ 43 ኢንች ፎር ኬ ቴሌቪዥን የሚጠቀሙም አሉ፣ አያስነውርም። ግን ሦስት ነገር አስተካክሉ፦ የኢንፑቱን ስም ፒሲ አድርጉት፣ ኦቨርስካን አጥፉ (የታስክባሩ ጫፍ የሚቆረጠው በእሱ ነው)፣ ሻርፕነስ ቀንሱ። ቀይ ጽሑፍ በሰማያዊ ላይ ጻፉና ተመልከቱ፤ ጠርዙ ከተፋቀ ቴሌቪዥኑ የቀለሙን መረጃ እየቀነሰ ነውና ለጽሑፍ ሥራ አይሆንም።

ከአዲስ አበባ ሲመጣ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞኒተር ከፋብሪካው ፎም ጋር፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ላይ ሆኖ፣ ቆሞ ይጓዝ። ከተጋደመና ሻንጣ ከተጫነበት ስክሪኑ ሳይሰበር እንኳ ነጭ ጥላ የመሰለ ጫና ይዞ ይቀራል። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በሙሉ ስክሪን አስከፍቱ፤ የሞተ ፒክሰል በአንዱ ላይ ባይታይ በሌላው ይታያል። ደሴ በክረምት ጉም ሲለብስ ዕቃው ቀዝቅዞ ይደርሳል። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ወዲያው ከተከፈተ ውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል ካርቶኑን ሳትከፍቱ ሁለት ሰዓት ያህል አሳርፉት።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

የሞኒተሩ ጀርባ ወይም አዳፕተሩ ላይ «100-240 ቮልት» የሚል ካለ የቮልቴጅ መውረድ ብዙም አያስጨንቀው። እናት ምጣዱን ሲሰኩ አምፖሉ ቢፈዝም (ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይጎትታል) ሞኒተሩ ሥራውን ይቀጥላል። የሚገድለው መብራት ሲመጣ አብሮ የሚገባው ድንገተኛ ከፍታ ነው። መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ሲመጣ አምፖሉ ሳይርገበገብ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሰኩ። ርካሽ ስታቢላይዘር ለዚህ ብዙም አይረዳም፤ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ባለ ቁጥር ሞኒተሩ ጠፍቶ ሊበራ ይችላል።

ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) የሚያስፈልገው ለሞኒተሩና ለዋይፋዩ ነው። 27 ኢንች ፎር ኬ በተለመደው ብርሃን ከ30 እስከ 45 ዋት ይበላል። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት (7Ah) ባትሪ ከያዘ፣ አዲስ ሲሆን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያቆየዋል። ብራይትነሱን ወደ 20 ብታወርዱት ደግሞ ይጨምራል። ሌዘር ፕሪንተር ግን እሱ ላይ አትሰኩ።

ብዙ ቤት ኧርዝ (ፍሳሽ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) የለውም። የላፕቶፑን ብረት ሲነኩት እጅ የሚነዝረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያው ፍሳሽ ኬብል ሲሰካ ፖርቱን ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምስሉን ኬብል በሁለቱም ጫፍ ሰኩ፣ ኤሌክትሪኩን በኋላ። ስትነቅሉ በተቃራኒው፦ ኤሌክትሪኩ ይቅደም።

አቀማመጡና ጽዳቱ

ከዓይን ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትክክል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መስኮቱ በጎን። ከፍ ለማድረግ አናጢ የሚሠራው የእንጨት መደብ በቂ ነው። ሞኒተሩን የሚሸከም ክንድ ከገዛችሁ ከጀርባው ያለው የቬሳ (የማሰሪያ) ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 100 በ100 ሚሊ ሜትር ነው፣ ብሎኑ ኤም 4። ከሞኒተሩ ጋር የመጣውን ብሎን ተጠቀሙ፤ ረጅሙ ውስጥ ገብቶ ሰርኪዩቱን ይወጋዋል። ብርሃኑን ለማስተካከል ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዙ፤ ነጭ ገጹ ከወረቀቱ በላይ የሚያበራ ከሆነ ቀንሱ።

ወሎ ቤት ቡና ያለ እጣን አይፈላም። ከአቦል እስከ በረካ የሚጤሰው ስክሪኑ ላይ ቀጭን ሙጫ ያስቀምጣል፣ የከሰሉ አመድ ደግሞ እላዩ ይለጠፋል። ረከቦቱን ከሞኒተሩ ራቅ አድርጋችሁ ዘርጉ። በሳምንት አንዴ ሞኒተሩን አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ አመዱን በለስላሳ ብሩሽ ወደ ታች አራግፉ፤ ሳያራግፉ ማሸት አመዱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያደርገዋል። ከዚያ የመነጽር ጨርቅ በንጹህ ውሃ እርጥብ አድርጋችሁ በደንብ ጨምቁና ሳትጫኑ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ፤ ሙጫው በአንዴ ካልለቀቀ ሁለተኛ ድገሙት። ውሃውን ስክሪኑ ላይ በቀጥታ አትርጩ፤ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወርዶ የሚገባው ገመዶቹ ያሉበት ነው። አልኮል፣ የመስታወት ማጽጃና ሶፍት አይጠጉ፤ የማያንጸባርቀውን ሽፋን ይልጡታል።