ዝንብን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዴት ፎቶ እናነሳለን?

ብዙ ሰው ዋናው ስራ ማሽኑ ላይ ይመስለዋል፣ ግን ፎቶው የሚያምረውም የሚበላሸውም ሳምፕሉ (ፎቶ የሚነሳው ነገር) ሲዘጋጅ ነው። ማሽኑ የሚያየው በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሮን ጨረር ነው፣ ውስጡም ቫኪዩም (አየር የሌለበት ባዶ) ነው፣ አየር ካለ ኤሌክትሮኖቹ እየተጋጩ ይበተናሉ፣ ስለዚህ እርጥብ ነገር ዝም ብላችሁ ብታስገቡ ውሃው ይተንና ጭምትርትር ይላል።

መጀመሪያ ሳምፕል ምረጡ። ለጀማሪ መስኮት ስር ሞታ የደረቀች ዝንብ ወይ ጉንዳን አሪፍ ናት፣ ቅርፊቷ ጠንካራ ስለሆነ ቅርጿን አትለቅም። ጨው፣ ስኳር፣ የቬልክሮ ቁራጭ ደግሞ ከዛም ይቀላል። እጭ ወይ ሸረሪት አይነት ለስላሳ ነገር ግን ጣጣ አለው፣ መጀመሪያ ግሉታራልዴሃይድ የሚባል አካሉን ባለበት ቅርጽ የሚያጸና ኬሚካል ውስጥ ይዘፈዘፋል (መርዝ ነው፣ ያለ ጓንትና ያለ አየር መሳቢያ እንዳትነኩት) ከዛ ውሃውን ቀስ በቀስ በአልኮል ትተካላችሁ፣ 30 ፐርሰንት፣ 50፣ 70፣ 90፣ መጨረሻ ላይ 100፣ በአንዴ 100 ውስጥ ከከተታችሁት ይጨማደዳል። በመጨረሻ ክሪቲካል ፖይንት ድራየር በሚባለው ማሽን አልኮሉ በፈሳሽ ካርበንዳይኦክሳይድ ይተካና በከፍተኛ ግፊት ከ31 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ እዛ ላይ ፈሳሽና ጋዝ ልዩነታቸው ስለሚጠፋ ሳምፕሉን እየጎተተ የሚያጨማድድ ነገር አይኖርም።

የደረቀውን በወረንጦ ይዛችሁ ስታብ የምትባለዋ ትንሽ አሉሚኒየም ላይ በካርበን ቴፕ ለጥፉ፣ በደንብ ይያዝ።

አሁን ወርቅ ቅብ። ዝንብ ኤሌክትሪክ አታስተላልፍም፣ ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ መውጫ አጥተው ላይዋ ላይ ይጠራቀሙና ፎቶው ቦግ እያለ ነጭ በነጭ ይሆናል፣ ሰዎቹ ቻርጅ አደረገ ይሉታል። በስፐተር ኮተር (ስስ የብረት ቅብ በሚቀባ ማሽን) 10 ናኖሜትር ገደማ ወርቅ ይበቃል፣ ካበዛችሁት ልታዩት የፈለጋችሁትን ረቂቅ ነገር ራሱ ወርቁ ይሸፍነዋል። መርፌና ምላጭ ብረት ስለሆኑ ይሄ አያስፈልጋቸውም።

ማሽኑ ላይ በ5 ኪሎቮልት ገደማ ጀምሩ። ቮልቴጁ ሲጨምር ኤሌክትሮኑ ጠልቆ ስለሚገባ የላይ የላዩ ፀጉር ምናምን ይደበዝዛል። ፎከስ ስታደርጉ ከምትፈልጉት በላይ ዙም አድርጉ፣ እዛ አጥርታችሁ ወደኋላ ተመለሱ። ፎከሱን ወዲህ ወዲያ ስትሉት ምስሉ አንዴ በዚህ አንዴ በዛ ከተለጠጠ ስቲግማተሩን (የጨረሩን ቅርጽ ክብ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ነካ ነካ አድርጉት።

የሚወጣው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የሚቀዳው ብርሃን ሳይሆን ኤሌክትሮን ስለሆነ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት አረንጓዴና ቀይ አይን ሁሉ በኋላ በኮምፒውተር የተቀባ ነው። መቀባት ካማራችሁ ኦርጅናሉን ለብቻ አስቀምጡ፣ ስኬል ባሩንም (ፎቶው ላይ ያለውን የመጠን ማሳያ መስመር) እንዳትቆርጡት፣ ያለሱ መጠኑን ማንም አያውቅም።