የመብራት ማኅበር አባል ከሆኑ ድምፅዎንና ድርሻዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ሲገዙ ዋጋው ቀለል ወዳለበት፣ ከዋናው ከተማ ራቅ ወዳለ ሥፍራ መውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ቨርጂኒያው ጌይንስቪል ወይም ወደ ሜሪላንዱ ዋልዶርፍ የሄደ ቤተሰብ መብራቱን በስሙ ለማዞር ሲደውል፣ ከሚሞላቸው ቅጾች መካከል አንዱ የአባልነት ማመልከቻ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። አብዛኛው ሰው በግርግሩ መካከል ሳያነበው ይፈርማል። በዚያች ፊርማ ግን መብራቱን የሚያቀርብለት የኅብረት ሥራ ማኅበር ባለቤቶች ከሆኑት ሰዎች አንዱ ሆኗል፤ ድምፅ አለው፣ ከትርፉም ድርሻ አለው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ድምፅና ያንን ድርሻ ሳያውቁ ለሚኖሩ ወገኖች ነው።

ማኅበራቱ እንዴት እንደተወለዱ ማወቅ አሠራራቸውን ለመረዳት ይጠቅማል። በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ከተሞች ከአሥር ቤቶች ዘጠኙ ገደማ መብራት ሲኖራቸው፣ በገጠር ግን ከአሥር ገበሬ መብራት የነበረው አንዱ ብቻ ነበር። ኩባንያዎቹ ተራርቀው ለሰፈሩ ጥቂት ቤቶች ብዙ ማይል ሽቦ መዘርጋት አያዋጣንም ብለው ስለተዉት፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በግንቦት 1935 የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ፤ በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግም ገበሬዎች ማኅበር መሥርተው ከመንግሥት ብድር እንዲወስዱና መስመሩን ራሳቸው እንዲዘረጉ መንገድ ከፈተ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአሥር ገበሬ ዘጠኙ መብራት አግኝቶ ነበር። ዛሬ ወደ 900 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ማኅበራት 42 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ኃይል ያቀርባሉ። እድርን የሚያውቅ ሰው የነገሩን መሠረት ለመረዳት አይቸገርም፤ አባሉ ያዋጣል፣ አባሉ ይመርጣል፣ የተረፈውም የአባሉ ነው።

በመጀመሪያ አባል መሆንዎን ያረጋግጡ። ቢሉ ላይ ባለው ስም ውስጥ «ኮኦፕሬቲቭ» የሚል ቃል ካለ፣ ወይም እንደ ጆርጂያ ባሉ ግዛቶች ስሙ «ኢኤምሲ» (በእንግሊዝኛ «የኤሌክትሪክ አባልነት ኮርፖሬሽን» የሚለው ሲያጥር) በሚሉት ፊደላት የሚያልቅ ከሆነ፣ ድርጅቱ የአባላት ማኅበር ነው ማለት ይቻላል። አባል የሚባለው ግን ሒሳቡ በስሙ የተከፈተለት ሰው ነው። ስለዚህ ተከራይተው የሚኖሩና መብራቱን አከራዩ የሚከፍል ከሆነ አባሉ አከራዩ ነው። በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ሒሳቡ በባል ስም ብቻ ሲከፈት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ብዙ ማኅበራት የባልና ሚስት የጋራ አባልነት ስለሚፈቅዱ በዚያ መንገድ እንዲመዘገቡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ አንዱ ቢሞት ወይም አገር ቢለቅ ሌላው ያለ ብዙ ወረቀት የአባልነቱን መብት ይዞ ይቀጥላል። ስምዎም መታወቂያዎ ላይ በተጻፈበት ፊደል ልክ መመዝገቡን ይመልከቱ። አንድ የአማርኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት መንገድ ስለሚጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ ቼክ ሲመጣ ባንኩ «ይህ ስም ያንተ አይደለም» ሊል ይችላል።

አሁን ሰው ብዙ ወደማያውቀው ጉዳይ፣ ወደ ካፒታል ክሬዲት እንግባ። ማኅበሩ ለትርፍ የሚሠራ ባለመሆኑ ዓመቱን በሙሉ ከአባላት ከሰበሰበው ገንዘብ ላይ ኃይል የገዛበት፣ ሠራተኛ የከፈለበት፣ መስመር የጠገነበትና ዕዳ የከፈለበት ሲቀነስ የሚቀረው ገንዘብ የአባላቱ ነው። የዚያ ዓመት ሒሳብ ሲዘጋ የተረፈው ገንዘብ እያንዳንዱ አባል ለመብራት በከፈለው መጠን ይደለደልና በስሙ ይመዘገባል። ሆኖም መደልደልና መክፈል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ማኅበሩ ገንዘቡን ለምሰሶ፣ ለሽቦና ለትራንስፎርመር እየተጠቀመበት ለዓመታት ያቆየዋል፤ አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚመለሰው ቦርዱ የማኅበሩን አቅም አይቶ ሲወስን ነው። ስለዚህ «በስምዎ ይህን ያህል ተደልድሏል» የሚል ደብዳቤ ሲደርስዎ ያንን ገንዘብ ነገ ከቢሉ ላይ ይቀነስልኝ ብለው መጠየቅ አይችሉም። ደብዳቤውን ግን አይጣሉት፤ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ያስቀምጡት።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ግዛት ተከራይቼ እኖርበት ከነበረው ቤት ስወጣ የመብራቱን ሒሳብ ዘጋሁ፤ የመጨረሻውን ቢል ከፈልኩና አዲሱን አድራሻዬን ሳልሰጥ ሄድኩ። እዚያው የቀረ አንድ ጓደኛዬ ማኅበሩ ቼክ ልኮላቸው የተመለሰበትን የቀድሞ አባላት ስም ዝርዝር ሲያይ ስሜን አግኝቶ ደወለልኝ። ገንዘቡ አርባ ሦስት ዶላር ነበር፤ ብዙ አይደለም፣ የእኔ ግን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ለሚቀይር ሰው ሁሉ አንድ ነገር እናገራለሁ፤ የመብራት ሒሳብ ሲዘጉ ወደፊት ቼክ የሚላክበትን አድራሻ ያስመዝግቡ፣ እንደገና ሲዛወሩም ደውለው ያሳውቁ። ከአካባቢው መልቀቅ የድርሻ መብትን አያሳጣም። ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው ወገኖችም የሟቹን ካፒታል ክሬዲት ወራሽ ሊጠይቅ እንደሚችል ይወቁ፤ ብዙ ማኅበራት ለወራሾች የተለየ አሠራር ስላላቸው የሞት የምስክር ወረቀቱንና የወራሽነት ማስረጃውን ይዞ መጠየቅ ነው። ሳይወሰድ የቀረ ገንዘብ በአንዳንድ ግዛቶች ወደ ግዛቱ ባለቤት የጠፋበት ንብረት መዝገብ ስለሚዛወር እዚያም ስምዎን መፈለግ አይከፋም።

ሁለተኛው መብት ድምፅ ነው። ሰፊ እርሻና የወተት ላሞች ያሉት ሰውም ሆነ በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ሰው አንድ አባል ነው፤ ድምፁም አንድ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ ጥሪው በፖስታ ወይም በኢሜይል ይመጣል። እኔ የተገኘሁበት የመጀመሪያው ጉባኤ የተካሄደው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ስሜ በመዝገብ ታይቶ የድምፅ መስጫ ወረቀት ተሰጠኝ፤ ከፊቴ የተቀመጡት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩ አዛውንት ገበሬ የሒሳብ መግለጫውን በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ያነቡ ነበር። አዛውንቱ ሲጠይቁ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ እንዴት እንደተለወጠ አይረሳኝም። ሰው የሚያነብና የሚጠይቅ አባል መኖሩን ሲያውቅ ሥራውን በጥንቃቄ ይሠራል።

ከመሄድዎ በፊት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ከድረ ገጹ አውርደው ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ፦ የቦርድ ዕጩ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ምልዓተ ጉባኤው ስንት ሰው እንደሆነ፣ በፖስታ ወይም በውክልና ድምፅ መስጠት ይፈቀድ እንደሆነ። የውክልና ወረቀት ከመጣልዎ ማን እንደሚጠቀምበት ሳያነቡ አይፈርሙ፤ በአንዳንድ ቦታ ባዶ የተተወ ውክልና ለነባሩ ቦርድ የሚያልፍ ነው። ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። በቴክሳስ የሚገኘው ፔደርናሌስ፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ወጣቱ ሊንደን ጆንሰን በ1930ዎቹ እንዲቋቋም የረዱት ትልቅ ማኅበር፣ ምርጫው ለአባላት ዝግ ሆኖ በመቆየቱ አባላቱ በ2007 ከሰሱት፤ በማግሥቱ ዓመትም ምርጫው ክፍት ሆነ። በብዙ ግዛቶች የመብራቱን ዋጋ የሚወስነው ይኸው ቦርድ ስለሆነ፣ ቢሉ ላይ የሚያዩት ቁጥር ከምርጫው ወረቀት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ስለ ቢሉ ካነሣን፣ ምንም ኃይል ባይጠቀሙም በየወሩ የሚከፈለው ቋሚ ክፍያ ብዙዎችን ያስቆጣል። ምክንያቱን ማወቅ ተገቢ ነው። የገጠር ማኅበራት በአንድ ማይል መስመር ላይ በአማካይ ያላቸው ስምንት ያህል ተጠቃሚ ሲሆን፣ በከተማ የሚሠሩ ኩባንያዎች ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ አላቸው፤ የምሰሶውና የሽቦው ወጪ ለጥቂት ሰው ይከፋፈላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው በኪሎዋት ሰዓት የሚቆጠረው ፍጆታ ነው። አብዛኞቹ ማኅበራት ኃይሉን በጅምላ የሚገዙት ስለሆነ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ በሚጠቀምበት ሰዓት የሚወስዱት መጠን የጅምላ ዋጋቸውን ከፍ ያደርገዋል። በሐምሌ ሙቀት ከሰዓት በኋላ፣ በጥር ብርድ ደግሞ ማለዳ «ፍጆታ ቀንሱ» የሚል መልእክት ሲደርስዎ የልብስ ማድረቂያውንና የእንጀራ ምጣዱን ለሌላ ሰዓት ያስተላልፉ። ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚወስድ ሌሊት ዋጋ የሚቀንስ ታሪፍ ካለ መጠየቅ ለጋጋሪ ቤተሰብ እውነተኛ ቁጠባ ነው።

መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ደውሎ ይሆናል ብለው አይቀመጡ፤ ጥፋቱ ከእርስዎ ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ በኦክስጅን ማሽን የሚረዳ አዛውንት ካለ አስቀድመው ለማኅበሩ ያስመዝግቡ፤ ይህ ግን መብራቱ ቶሎ ለመመለሱ ዋስትና ስላልሆነ መጠባበቂያ ያዘጋጁ። ጄኔሬተር ገዝተው በቤቱ ሶኬት በኩል በፍጹም አያገናኙ። ኃይሉ በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ አልፎ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይሆንና፣ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ማኅበሩ ለአካባቢው የሚሰጠውንም ይጠይቁ። በሳውዝ ካሮላይና ፓልሜቶ በተባለው ማኅበር በ1989 የተጀመረና ወደ ብዙዎች የተስፋፋ አሠራር አለ፤ አባሉ ከፈቀደ ቢሉ ወደሚቀጥለው ሙሉ ዶላር ይሞላና ሳንቲሞቹ ተጠራቅመው ለአካባቢ በጎ ሥራ ይውላሉ። የኮሚዩኒቲ ማኅበራችን የአረጋውያን ወይም የልጆች ፕሮግራም ካለው ከዚህ ገንዘብ ድጋፍ ለመጠየቅ ማመልከት ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ለወላጆች የምነግራቸው የወጣቶች ጉብኝትን ነው። ከ1964 ጀምሮ ማኅበራቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መርጠው በየዓመቱ በሰኔ ወር ገደማ ወደ ዋሽንግተን ይልካሉ፤ ወጪውን የሚሸፍነው ማኅበሩ ነው፣ ልጆቹም ከግዛታቸው የምክር ቤት አባላት ጋር ይገናኛሉ። የእኛ ልጆች የማያመለክቱት አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ስላልሰማ ነው። ልጅዎ አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ክፍል ከሆነ፣ የማመልከቻው ጊዜ ሳያልፍ ከገና በፊት ወደ ማኅበሩ ደውለው ቅጹን ያስልኩ፤ ሲደውሉም አባል መሆንዎን ይንገሩ።