ላፕቶፕ ሲነሳ ኪቦርዱ አልሰራ ካለ፦ ከሰፈር ሳይወጡ የሚሞከር

ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ላፕቶፕ ለማሳየት መሀል ከተማ መግባት ግማሽ ቀን ይበላል። ደርሳችሁም «ኪቦርዱ ይቀየር» ልትባሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ቤት ሳላችሁ አንድ ነገር ለዩ፦ ኪቦርዱ ዝም የሚለው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፉ፤ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ማብሪያውን 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙና መልሳችሁ አብሩ። ኪቦርዱን የምትቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ ላፕቶፑ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ስለማይቋረጥባት፣ ግራ ከተጋባች ዝም ብሎ ማጥፋት አይፈታትም።

ካልተስተካከለ ወደ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ወደሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ፣ ግቡ። ልክ እንዳበራችሁት ደጋግማችሁ ተጫኑ፦ ለዴል፣ ለኤሰርና ለአሱስ ብዙ ጊዜ ኤፍ 2፣ ለኤችፒ ኤፍ 10፣ ለሌኖቮ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2። አንዴ ቢያመልጣችሁ ኪቦርዱ ላይ አትፍረዱ፤ ጊዜው በጣም አጭር ነው። እምቢ ካለ ባለገመድ የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክታችሁ ግቡ። የብሉቱዝ ኪቦርድ እዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይረዳም።

ባዮስ ውስጥ የላፕቶፑ ቀስቶች ከሰሩ ዕቃው ደህና ነው፤ ችግሩ ዊንዶውስ ጋ ነው። የይለፍ ቃሉን በስክሪን ኪቦርድ ጻፉ፤ መግቢያው ገጽ ላይ ከታች በስተቀኝ ካለው ምልክት ታገኙታላችሁ። ሪስታርት ሲደረግ ሰርቶ፣ አጥፍታችሁ ስታበሩት የማይሰራ ከሆነ ተጠርጣሪው ፋስት ስታርትአፕ ነው። እሱ ሲበራ «ማጥፋት» ማለት ሙሉ ማጥፋት አይደለም፤ ዊንዶውስ ድራይቨሮቹን (ዕቃዎቹን የሚያሰሩትን ፕሮግራሞች) እንዳሉ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንኑ ይመልሳል፤ የተበላሸውም አብሮ ይመለሳል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ የማብሪያውን ተግባር ከሚወስነው ገጽ ላይ የፋስት ስታርትአፕን ምልክት አንሱ። ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር በሚባለው የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ኪቦርዱን አንኢንስቶል አድርጋችሁ ሪስታርት አድርጉ፤ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ፊልተር ኪስ የሚባለውን የዊንዶውስ ቅንብርም እዩ፤ የቀኙን ሺፍት 8 ሰከንድ መያዝ ብቻ ሊያስነሳው ይችላል፣ ከዚያ ፈጠን ያለ ምት አይቀበልም።

ባዮስ ውስጥም ካልሰራ ነገሩ የዕቃ ነው። ላፕቶፑ ያለማቋረጥ የሚጮህ ወይም ሳታዙት ባዮስ የሚገባ ከሆነ ተጣብቆ የቀረ ቁልፍ ሊኖር ይችላል፤ አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር አቧራ፣ በየቤቱ ደግሞ ስኳር ያለው ሻይ ያጣብቀዋል። ገልብጣችሁ አራግፉ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ኪቦርዱ ከመሀሉ ወደ ላይ ካበጠ ግን አቁሙ፤ ያበጠ ባትሪ ሊሆን ይችላል፣ አትጫኑት፣ ቻርጅም አታድርጉት።

ካቻቪቴ የለመደ እጅ ካላችሁ ክፈቱት። ቀድማችሁ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። የኪቦርዱ ጠፍጣፋ ኬብል የሚያዘው በትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ላይ ይነሳል፣ አንዳንዱ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ሳይፈቱት መጎተት ኬብሉን ይበጥሰዋል። ጫፉን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ መልሱና ቆልፉት። ካቲካላ አይሆንም፤ ውሃ አለው።

መቀየሩ የግድ ከሆነ የላፕቶፑን ሞዴል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ከተቻለ አሮጌውን ኪቦርድ ውሰዱና ከጀርባው ያለውን ቁጥር፣ የኢንተር ቁልፉን ቅርጽና ኬብሉ የሚወጣበትን ጎን ከአዲሱ ጋር አስተያዩ።