ከጉዝጓዝ ሥር የወጣ ችግኝ ሲነጣ፣ ሲመዘዝና ቢጫ ሲሆን፦ ችግርና መፍትሄ

የቲማቲም፣ የጎመን ወይም የበርበሬ ዘር መደብ ላይ ሲዘራ በደረቅ ሳር ይሸፈናል። ጉዝጓዙ እርጥበት ይይዛል፤ ከሥሩ ግን ጨለማ ነው። ሳሩ ሲነሳ ቡቃያው የፕሮቲን ሥራውን ከሥር መሠረቱ ይለውጣል። ለዚህም ሰዓታት ያስፈልጉታል፤ ስንቁም ዘሩ ውስጥ የተቀመጠለት ብቻ ነው።

በጨለማ ውስጥ ኮፕ-1 የሚባል ፕሮቲን፣ የብርሃን ጊዜ ጂኖችን የሚቀሰቅሰው ኤች ዋይ-5 የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንዲወገድ ያደርጋል። ተዘጋጅተው የነበሩ ብዙ የኤም አር ኤን ኤ መልእክቶችም (ከጂኖች የተቀዱ የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዞች) ሳይነበቡ ተከዝነው ይቆያሉ። ብርሃን ሲያርፍበት ፋይቶክሮምና ክሪፕቶክሮም የተባሉት ብርሃን ተቀባዮች ኮፕ-1ን ይገቱታል፤ ዕድገትን የሚቆጣጠረው ቶር የተባለው ኢንዛይም ይነቃል፤ የሕዋሱ ፕሮቲን ሠሪዎች የሆኑት ራይቦዞሞችም መልእክቶቹ ላይ ተደርድረው ፕሮቲን ማምረት ይጀምራሉ።

ግንዱ ረዝሞ ቀጥኗል፣ የዘር ቅጠሎቹ (መጀመሪያ የሚወጡት ሁለቱ) ቢጫና የተጣጠፉ ናቸው

ጉዝጓዙ ዘግይቶ ተነስቷል። ቡቃያው ብርሃን እስኪያገኝ ስንቁን ሁሉ ግንድ ለመምዘዝ አውሎታል። ጎመንን ከ3ኛው፣ ቲማቲምን ከ5ኛው፣ በርበሬን ከ7ኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሳሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ነው፤ አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ ማለት እንደጀመረ ይነሳ። ሁሉም እስኪበቅል መጠበቅ ቀድመው የወጡትን ያበላሻል። የተመዘዘ ግንድ ተመልሶ አያጥርም። ቲማቲም ሲዛወር እስከ ዘር ቅጠሎቹ ድረስ ጠልቆ ቢተከል የተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ያወጣል፤ በርበሬን ግን በነበረበት ጥልቀት መትከል ይሻላል።

ከተገለጠ በኋላ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ደረቀ

ሰው ብዙ ጊዜ የውሃ ጥም ይመስለዋል፤ ውሃ ቢጨመርም አይመለስም። ቡቃያው በጨለማ ሳለ ፕሮቶክሎሮፊላይድ የተባለ የክሎሮፊል ጥሬ ዕቃ ያከማቻል። ይህን ወደ ክሎሮፊል የሚያሻግረው ፒ ኦ አር የተባለው ኢንዛይም የሚሠራው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ ነው። ጨለማው ሲረዝም ክምችቱ ከኢንዛይሙ አቅም በላይ ይሆናል። በዚህ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲያርፍ ትርፉ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ያመነጫልና የቅጠሉን ሕዋሳት ያቃጥላል፤ ተከላካይ ፕሮቲኖቹ ገና አልተሟሉም።

ስለዚህ ጉዝጓዙ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ስትበርድ ይነሳ። ወዲያው ከመደቡ 1 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ዳስ ይሠራለት፤ ለ2 ወይም 3 ቀን ከጥላው ሥር ይቆይና የዳሱ ሳር ቀስ በቀስ ይሳሳ። ነጭ የሆነው ቅጠል አይድንም። በሁለቱ የዘር ቅጠሎች መካከል ያለው ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ ችግኙ ሊያገግም ይችላል፤ ጫፉም ከነጣ እንደገና መዝራት ነው።

ብርሃን ካገኘ 3 ቀን ሆኖት አሁንም ቢጫ ነው

ጤነኛ ቡቃያ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለመልማል። ካልለመለመ መጀመሪያ ብርዱን ይጠርጥሩ፤ በደጋ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የፕሮቲንም የክሎሮፊልም ሥራ ይዘገያል። ማታ ማታ መደቡን በፕላስቲክ ሸፍኖ ጠዋት መግለጥ ይበጃል። ቀጥሎ ውሃውን፦ አፈሩ ሲጨበጥ ውሃ ከተንጠባጠበ ሥሩ አየር አጥቷልና ማጠጣቱ ይቁም።

ማዳበሪያ የመጨረሻው ነው፤ የዘር ቅጠል ቢጫ ስለሆነ ብቻ ዩሪያ መስጠት ብክነት ነው። ከዘር ቅጠሎቹ ቀጥሎ የሚመጡት እውነተኛ ቅጠሎች ከወጡ በኋላ የታችኞቹ ቢጫ፣ አዲሶቹ ግን አረንጓዴ ከሆኑ ናይትሮጅን ጎድሏል፤ 10 ግራም ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ በጥብጦ ማጠጣትና ቅጠሉን በንጹህ ውሃ ማጠብ ነው። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ግን ጉድለቱ የብረት ነው፤ ዩሪያ አይፈታውም።

አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከአፈሩ ላይ ተሰብሮ ወደቀ

ይህ ከብርሃን ጋር አይገናኝም። ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ቀጥኖ ከጠቆረ በአፈር ወለድ ሻጋታ የመጣ የግንድ መበስበስ ነው። የወደቁትን ከነአፈራቸው አንስቶ መጣል፣ የተጠጋጉትን ማሳሳትና ውሃን ጠዋት ብቻ መስጠት ነው።