ወተትን ከልጃችን ምግብ ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላው ያለ ልቅሶ የሚቀበለው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ ዳቦ፣ ሙዝና በሰማያዊ ኩባያው የሚቀርብለት ወተት። ኦቲዝም እንዳለበት በተነገረን በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት «ወተት አቁሚለት፣ ለውጡን በዓይንሽ ታዪዋለሽ» አለችኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን ወተት ደፋሁት። በማግስቱ በዚያው ሰማያዊ ኩባያ የአልመንድ ወተት ቀዳሁለት። አሸተተውና ገፋው። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ እንኳ ቢቀዳበት ያንን ኩባያ አልነካም አለ። ሦስት የነበረው ሁለት ሆነ።

ወተት ማቆም ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፤ የግድ ማቆም ያለባቸው ልጆች አሉ። እኔን ያሳሳተኝ ከወተት ውስጥ የቱን እንደማስቀር፣ ለምን እንደማስቀርና በምን እንደምተካው ሳላውቅ መጀመሬ ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸው ብዙ ወላጆችም እዚያው ቦታ ላይ ሲሰናከሉ አይቻለሁ።

ሦስት የተለያዩ ችግሮችን አንድ አድርጎ ማየት

«ወተት አይስማማውም» ስንል ሦስት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን ልንል እንችላለን።

አንደኛው የወተት ስኳር፣ ማለትም ላክቶስ፣ አለመፈጨት ነው። ላክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ሲያንስ ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ተቅማጥ ይመጣል። ይህ በመጠን የሚወሰን ነው። ግማሽ ብርጭቆ የማያስቸግረው ልጅ ሁለት ብርጭቆ ሊያስቸግረው ይችላል፤ እርጎና ደረቅ አይብም ብዙ ጊዜ ይስማሙታል። ሁለተኛው አለርጂ ነው። እዚህ ላይ ጠቡ ከፕሮቲኑ ጋር ነው፤ ሰውነት የወተትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል። ቆዳው ሽፍ ይላል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ያስመልሰዋል፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ያጥረዋል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ጠብታም ብትሆን ብዙ ናት።

ሦስተኛው ከኦቲዝም ጋር ተያይዞ የሚነሳው የኬሲን፣ ማለትም የወተት ዋናው ፕሮቲን፣ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ያክ ፓንክሴፕ የተባለ ተመራማሪ ኦቲዝም አንጎል ውስጥ ካሉ ኦፒዮይድ (ሞርፊንን) መሰል ንጥረ ነገሮች ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሌሎች ደግሞ ይህን ወደ ምግብ አመጡት፦ ኬሲንና የስንዴው ፕሮቲን ግሉተን በደንብ ሳይፈጩ ሲቀሩ የሚወጡ ቁርጥራጮች ወደ ደም አልፈው አንጎል ላይ ይሠራሉ አሉ። ኬሲን አልባ አመጋገብ የቆመው በዚህ መላምት ላይ ነው።

ሦስቱን መለየት ለምን ይጠቅማል? ላክቶስ ለማይፈጭለት ልጅ ላክቶስ አልባ ወተት ይበቃዋል። ኬሲን ላቆመ ልጅ ግን ያው ወተት ምንም ለውጥ የለውም፤ ስኳሩ ተሰባበረ እንጂ ኬሲኑ እንዳለ ነው። አለርጂ ላለበት ልጅማ አደጋ ነው። «አመጋገቡን ጀምረናል» እያሉ ለወራት ላክቶስ አልባ ወተት ሲያጠጡ የቆዩ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ተስፋን በሙሉ አንድ ብርጭቆ ላይ መጣል

ይህን ክፍል መጻፍ ይከብደኛል፤ እኔም ያን ተስፋ ታቅፌ ስለነበር።

መላምቱ ሲፈተሽ ብዙ ድጋፍ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ የወጣ ጥናት ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ሽንት ውስጥ እነዚያን የተባሉ ቁርጥራጮች ፈልጎ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ ሙከራ አንዳንድ መሻሻል ቢያሳይም፣ ወላጆቹ ልጃቸው አመጋገቡ ላይ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ለውጥ የሚናፍቅ ወላጅ ደግሞ ለውጥ ማየቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሙከራ ይህን ለማስቀረት ጣረ። 14 ልጆች ግሉተንና ኬሲን ካቆሙ በኋላ፣ ኬሲን ወይም ግሉተን ያለበትና የሌለበት መክሰስ ወላጆችም መዛኞችም ሳያውቁ ተሰጣቸው። በጠባይም፣ በእንቅልፍም፣ በሰገራም ልዩነት አልታየም። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የኦቲዝምን ዋና ዋና ባሕርያት ለማከም ግሉተን ወይም ኬሲን የሚያስቀሩ አመጋገቦችን አትጠቀሙ ይላል።

አሥራ አራት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ አለርጂ ያለባቸውም በሙከራው አልተካተቱም። ስለዚህ ውጤቱ «ወተት ማንንም አይጎዳም» ማለት አይደለም። ወተት ስላቆመ ብቻ ይናገራል፣ የሰው ዓይን ያያል ብሎ መጠበቅ ግን ልጁንም ወላጁንም ይጎዳል።

የሆድ ሕመምን ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ

ልጄ የሶፋው እጀታ ላይ በሆዱ ተደፍቶ ረጅም ሰዓት ይቆይ ነበር። እጁን ይነክሳል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል። እኛ «የኦቲዝሙ ነው» ብለን ተቀበልነው። አንድ የሕፃናት ሐኪም ሆዱን በጣቶቹ ጫን ጫን ሲያደርግ ግን ልጁ ተኮራመተ። አንጀቱ በደረቀ ሰገራ ተሞልቶ ነበር።

ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የሆድ ችግር ከሌሎች ልጆች ይልቅ ይበዛል፤ መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ ሕመሙን የሚናገረው በሰውነቱ ነው። ለአንዳንድ ልጆች የላም ወተት ድርቀት ያመጣል ወይም ያብሳል። እንዲህ ያለው ልጅ ወተት ሲያቆም ሊረጋጋ፣ ሊተኛ፣ ትኩረቱም ሊሻሻል ይችላል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ሆኖም የተሻለው ኦቲዝሙ ሳይሆን ሆዱ ነው፤ ሆድ ደግሞ ሌላ ሕክምናም አለው። የወተት ነገር ከመወሰኑ በፊት ሆዱን የሚመረምር ሰው ይፈለግ።

«ይሄ እኮ የላም አይደለም» ማለት

ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ኬሲን ነው። የፍየልም፣ የበግም፣ የግመልም ወተት ኬሲን አለው። «ኤ2» ተብሎ የሚሸጠው ወተት የአንዱ ኬሲን ዓይነት ይለያል እንጂ ኬሲን አልባ አይደለም። የላም ወተት አለርጂ ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ የፍየሉም አይስማማቸውም፤ ፕሮቲኖቹ በጣም ይመሳሰላሉ።

የግመል ወተት ለኦቲዝም ጥሩ ነው ተብሎ በሰፊው ይወራል። የተደረጉት ጥናቶች ትናንሽ ናቸው። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ጥሬውን መስጠቱ ነው፤ «ሲፈላ ኃይሉ ይጠፋል» እየተባለ ሳይፈላ ለሕፃን ይሰጣል። ያልፈላ ወተት፣ ከየትኛውም እንስሳ ይታለብ፣ ብሩሴላ የሚባለውን ባክቴሪያና ኩላሊት የሚጎዳ የኢ. ኮላይ ዓይነትን ሊያስተላልፍ ይችላል። ሳታፈሉ አትስጡ።

ቅቤ አብዛኛው ስብ ቢሆንም ጥቂት ፕሮቲን ይቀርበታል፤ የተነጠረው ያንሳል፣ ግን ጨርሶ ንጹህ ነው አይባልም። አለርጂ ላለበት ልጅ ይህች ጥቂት ትቆጠራለች።

የጥቅሉን ፊት ብቻ ማንበብ

ፊቱ ላይ «ከወተት ነፃ» የተባለ የቡና ማንጫ ዱቄት ከኋላው ሶዲየም ኬሲኔት ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ራሱ ኬሲን ነው። ኬሲኔት፣ አጓት ወይም ዌይ፣ ላክታልቡሚን የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ቋሊማ፣ የታሸገ ዓሣ፣ ብስኩትና ቅመም የተነሰነሰበት ቺፕስ ውስጥ ይገኛሉ። ስለ መድኃኒቶችም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ልጁን የሚይዙት ሁሉ፣ አያትም ሞግዚትም መምህርም፣ እነዚህን ስሞች ካላወቋቸው አመጋገቡ ከቤት ደጃፍ አያልፍም።

ነጭ ስለሆነ ወተትን ይተካል ብሎ ማሰብ

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የላም ወተት 8 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጣል። የአኩሪ አተር ወተት በፕሮቲን ይቀርበዋል፣ 7 ግራም ያህል አለው። የአልመንዱ 1 ግራም ገደማ ነው። የሩዙና የኮኮናቱ ከዚያም ያነሰ ነው። ዳቦና ሙዝ ብቻ ለሚበላ ልጅ የአልመንድ ወተት ስሰጥ ከቀኑ ፕሮቲን አብዛኛውን እየወሰድኩበት እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች የሁለት ሕፃናትን ታሪክ አሳትመው ነበር። አንደኛው በሩዝ መጠጥ ያደገ ሲሆን በፕሮቲን እጥረት አብጦ፣ ሌላው በአኩሪ አተር መጠጥ ያደገና ሪኬትስ፣ ማለትም የአጥንት መልፈስፈስ፣ ይዞት ሐኪም ቤት ደረሱ። ወላጆቹ ያቀረቡላቸው በወተት ምትክ ነበር። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከእነዚህ መጠጦች አንዱም ለእናት ጡት ወይም ለፎርሙላ ምትክ አይሆንም። አለርጂ ካለበት ፕሮቲኑ አስቀድሞ የተሰባበረ ልዩ ፎርሙላ አለ፤ ያንን የሚያዝዘው ሐኪም ነው። የሩዝ ወተት ደግሞ አርሰኒክ ስላለው በብሪታንያ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በወተት ምትክ እንዳይሰጥ ይመከራል።

የአጥንትም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ4 እስከ 8 ዓመት የሆናቸው ኦቲዝም ያለባቸውን 75 ወንዶች ልጆች የእጅ አጥንት በራጅ ለካ። በጥቅሉ አጥንታቸው ከሚጠበቀው የሳሳ ነበር፤ ወተትና ተዋጽኦውን ባቆሙት ላይ ደግሞ ጉድለቱ እጥፍ ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሚመከረው ካልሲየም ከ1 እስከ 3 ዓመት 700፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት 1,000፣ ከ9 እስከ 18 ዓመት 1,300 ሚሊ ግራም በቀን ነው። ያለ ወተት እዚህ መድረስ ይቻላል፤ በካልሲየም በበለጸገ የአኩሪ አተር ወተት፣ ከነአጥንቱ በሚበላ ሰርዲን፣ በሰሊጥ፣ በጎመን። ስፒናች በቁጥር ብዙ ካልሲየም ቢኖረውም ሰውነት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ምግብ የሚመርጥ ልጅ ግን ጎመንና ሰርዲን አይቀበልም ይሆናል፤ ያኔ ተጨማሪ እንክብል ወይም ሽሮፕ የግድ ነው። መጠኑን የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስላው፤ ቫይታሚን ዲና አዮዲንም አብረው ይታዩ።

ደግሞ ካርቶኑን ናጡት። የተጨመረው ካልሲየም ታች ይዘቅጣል። አንድ ቀን ባዶ የመሰለኝን ካርቶን በመቀስ ስቀደው ከሥሩ ነጭ ጭቃ የመሰለ ነገር ተጋግሮ አገኘሁ። ሳምንቱን ሙሉ ልጄ የጠጣው ከላይ ያለውን ነበር።

በወተት ብቻ እንዲኖር መተው

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ሌላ ምግብ እምቢ ስላለ በቀን አንድ ሊትር ወተት የሚጠጣ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ይውላል፣ ብረት ግን አያገኝም፤ የላም ወተት ብረቱ በጣም ጥቂት ነው። የብረት እጥረት ድካምና የተረበሸ እንቅልፍ ያመጣል፤ ያም «የኦቲዝሙ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የደም ምርመራ ይደረግለት።

በአንድ ሌሊት መቀየር፣ ሁሉንም በአንዴ መጀመር

ለእነዚህ ልጆች ምግብ ማለት ጣዕም ብቻ አይደለም። ኩባያው፣ ሙቀቱ፣ የካርቶኑ ቀለም ሁሉ የምግቡ አካል ነው። አዲሱን መጠጥ የሚወደው ምግብ ውስጥ መደበቅ ያንን ምግብም ሊያሳጣችሁ ይችላል። እኛን የረዳን ከነባሩ ኩባያ አጠገብ ሌላ ኩባያ ማስቀመጥ ነበር፤ ማንም «ጠጣ» ሳይለው። መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ጥቂት የአኩሪ አተር ወተት። ሦስት ወር ፈጀ። አለርጂ የሌለበት ልጅ ከሆነ፣ እያየ፣ በለመደው ወተት ላይ በሻይ ማንኪያ እየጨመሩ ማለማመድም ይቻላል።

ወተትን፣ ግሉተንን፣ አዲስ ቫይታሚንና አዲስ የንግግር ሕክምናን በአንድ ሳምንት የጀመረ ሰው የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይችልም። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ከመቀየራችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል የተኛበትን ሰዓት፣ ሰገራውን፣ የተናደደበትን ጊዜ ጻፉ፤ ከተቻለ ለውጡን ከማያውቅ ሰውም አስተያየት ውሰዱ። ማብቂያውንም አስቀድማችሁ ወስኑ። ቶሎ የማይታይ የወተት አለርጂ ሲጠረጠር ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተቱን አስቁመው መልሰው ይሞክራሉ። ሲመለስ ምልክቱ ከተመለሰ መልሱ ተገኘ። ወዲያው የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ግን በፍጹም ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ብዙዎቻችን ማቆሙን እንጂ መመለሱን አንደፍርም። «ምናልባት ረድቶት ቢሆንስ?» እያልን ዓመታት ይሄዳሉ። እኔም ድርቀቱ ታክሞ፣ እንቅልፉ ተስተካክሎ እንኳ ሰባት ወር ፈርቼ ቆየሁ። በመጨረሻ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን በሁለት የሾርባ ማንኪያ ጀመርን። ሆዱም እንቅልፉም እንዳለ ቀጠለ። ሰማያዊውን ኩባያ ግን እስከ ዛሬ አይነካም፤ ወተቱን የሚጠጣው ክዳን ባለው አረንጓዴ ኩባያ ነው።