የኒክቪስትን ጥቁርና ነጭ መልክ በቤታችን መስኮት እንዴት እንቅረፅ?

የድሮውን የስዊድን ድራማ መልክ፣ በተለይ የፊልም ካሜራ ባለሙያው ስቬን ኒክቪስት የቀረፀውን፣ ማምጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው ቀለሙን ለማጥፋት ነው። የሚያገኘውም ቀለም የሌለው ተራ ፎቶ ይሆናል። ያ መልክ የሚጀምረው ካሜራው ሳይከፈት፣ ብርሃኑን ቁጭ ብሎ ከማየት ነው። ስልክ ወይም ካሜራ፣ ትራይፖድ፣ ሰፋ ያለ መስኮት፣ ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ፣ ጥቁር ጨርቅና ለመቀመጥ የማይሰለች ሰው ካላችሁ በቂ ነው።

መጀመሪያ የትኛውን መልክ እንደምትፈልጉ ወስኑ። የስዊድናዊው ዳይሬክተር የኢንግማር በርግማን ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን «ሰባተኛው ማኅተም» የቀረፀው ጉናር ፊሸር ነው፤ በእሱ ምስል ጥላው ጠርዝ አለው፣ ጥቁሩ ድፍን ነው፣ ነጩ ይጮኻል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከበርግማን ጋር የሠራው ስቬን ኒክቪስት ግን ከዓመት ዓመት ብርሃኑን እያለዘበ ግራጫውን አበዛ። እኔ ኒክቪስትን እመርጣለሁ። በእሱ ምስል ፊት ላይ የሚያልፈው ሐሳብ በጥላ አይሸፈንም፤ ዓይን ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል።

ቀጥሎ ብርሃኑን ተመልከቱ። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። በርግማንና ኒክቪስት እ.ኤ.አ. በ1963 ለወጣው «የክረምት ብርሃን» ሲዘጋጁ ዳላርና በተባለው የስዊድን አካባቢ በሚገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠው፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ብርሃኑ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያጠኑ ነበር። ታሪኩ በአንድ ደመናማ እሑድ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ ጉልህ ጥላ እንዲኖር አልፈለጉም። ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ውስጥ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርተው ያዩትን ብርሃን በመብራት መልሰው ፈጠሩት። እናንተም ወንበር መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፣ ሰውየውን አስቀምጡበት፣ ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ በየ10 ደቂቃው አንድ ፎቶ አንሱ። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ስታዩ፣ ሰዓቱን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

እዚህ ላይ የፈረንጅ መጻሕፍት የሚሰጡትን ምክር እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። በስዊድን የኅዳር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ ብዙም ከፍ አትልም፤ ብርሃኑ በመስኮት የሚገባው በአግድም ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ የዓይን ጉድጓዱን ታጨልማለች። «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ምረጡ» የሚለውም ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ በእነዚያ ወራት ፀሐይዋ ራሷ ወደ ሰሜን ትዞራለች። ደግነቱ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ደመና አለ። የደፈነ ሰማይ ማለት አገር የሚያህል ለስላሳ መብራት ማለት ነው። ፀሐይ ከወጣች አቡጀዲውን መስኮቱ ላይ ወጥራችሁ ስቀሉት። መብራት መጠቀም ግድ ከሆነም ወደ ፊቱ አታዙሩት፤ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩትና ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ተጠቀሙ።

የቤቱን አምፖሎች ሁሉ አጥፉ። ከመስኮቱ በተቃራኒ ባለው የፊቱ ጎን ጥቁሩን ጨርቅ ስቀሉ፤ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይውጠዋል፣ ጉንጩም ቅርፅ ያገኛል። ከጀርባ ያለውን ሥዕልና መጋረጃ አንሱ፤ ልብሱ ጥለት የሌለው፣ መካከለኛ ግራጫ የሚሆን ቀለም ያለው ይሁን።

ጠይም ወይም ጥቁር ፊት የሚቀርፅ ሰው ብርሃን ማብዛት ይቀናዋል። የሚያስፈልገው ግን የብርሃኑ ስፋት ነው። የጠቆረ ቆዳ ቅርፁን የሚያሳየው በላዩ በሚያንፀባርቀው ነጭ ነገር ስለሆነ አቡጀዲውን በጎን በኩል አቅርቡት፤ ከግንባር እስከ አገጭ ረጅም ለስላሳ ነፀብራቅ ይወርዳል። ስልክ ከሆነ ፊቱ ላይ ጣታችሁን አቆይታችሁ ብርሃኑንና ትኩረቱን ቆልፉ፣ ከዚያም የግንባሩ ብሩህ ቦታ ዝርዝሩ እስኪታይ ድረስ ትንሽ ቀንሱ። ዓይኑ ውስጥ የመስኮቱ ነጸብራቅ ካልታየ አገጩን ትንሽ ያዙር።

ፍሬሙ ወደ ካሬ የቀረበ፣ 4 በ3 ይሁን። ቀረብ በሉ፤ ግንባሩ ቢቆረጥም ግድ የለም። ካሜራው አይንቀሳቀስ።

ቀለሙን የምታጠፉት አሁን ነው። በፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያው ውስጥ ቀዩንና ብርቱካናማውን ከፍ ብታደርጉ ቆዳው ይፈካል፣ ዝቅ ብታደርጉ ይጠቁራል። ኮንትራስቱን፣ ማለትም የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት፣ አታብዙት፤ ግራጫው የምስሉ ሥጋ ነው።

ይህን የለመደ ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው «ፐርሶና» ውስጥ ያለውን፣ የቢቢ አንደርሾንንና የሊቭ ኡልማንን ፊት በግማሽ በግማሽ ያጋጠመውን ምስል መሞከር ይችላል። የመጀመሪያውን ሰው መስኮቱ ከፍሬሙ ግራ፣ ጥቁሩ ጨርቅ ከቀኝ ሆኖ ፊት ለፊት አንሱት። ሁለተኛውን በተቃራኒው። ከሌንሱ እስከ አፍንጫ ያለውን ርቀት በክር ለኩና ለሁለቱም ያንኑ ክር ተጠቀሙ፤ የካሜራው ቁመት በሁለቱም ከዓይን እኩል ይሁን። ከዚያ የበራውን የግራ ግማሽና የበራውን የቀኝ ግማሽ በአፍንጫው መስመር ላይ ግጠሙ። መጀመሪያ ዓይኖቹን አስተካክሉ፣ አፉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። መጋጠሚያው አልሰምር ካለ በማደብዘዝ አትሸፍኑት፤ ክሩን ይዛችሁ እንደገና አንሱ።